የፊልም መጽሔት ሽፋን ላይ ደንቡን ልጣስ ወይስ ልከተል?

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ያለን የፊልም ወዳጆች ተሰባስበን መጽሔት ልናሳትም ነው፣ ገና የመጀመሪያው ቁጥር። ሽፋኑ ላይ ግን መስማማት አቃተን። እኔ የመረጥኩት ፎቶ ጣርማ በር ላይ የተነሳ ነው፤ ተዋናይቷ በርኖስ ደርባ፣ ጀርባዋን ሰጥታን፣ ቁልቁል ጉሙን ታያለች። ጓደኞቼ «የፊልም መጽሔት ማለት ካሜራውን ትክ ብሎ የሚያይ ፊት፣ ከላይ ትልቅ ስም፣ በግራ በኩል የተደረደረ አርእስት ነው» ይላሉ። እኔ ደግሞ እንደ ውጭዎቹ ጭንቅላቷ የመጽሔቱን ስም በከፊል እንዲሸፍነው እፈልጋለሁ። ምኑን ልያዝ፣ ምኑን ልተው?

መልስ (ከደብረ ሲና)
እህቴ፣ ፎቶውን እንዳትለቂው! ፊት የሚመረጠው የአላፊ አግዳሚውን ዓይን ቶሎ ስለሚይዝ ነው። ጀርባዋን የሰጠች ሴትም «ምን እያየች ነው?» ታሰኛለች፣ ያም ይይዛል። ግን ሁሉንም ደንብ ባንድ ጊዜ አትጣሺ። የእንግሊዙን የፊልም መጽሔት ሊትል ዋይት ላይስን ብታዪው በ2005 እ.ኤ.አ. ከጀመረ ጀምሮ ሽፋኑ በብዛት ሥዕል ነው፣ የተደረደረ አርእስትም አያበዛም፤ ፊቱን ግን አልተወም። አንዱን ሲለቅ ሌላውን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። አንቺ ፊቱን ከተውሽ ስሙን አጉልተሽ ያዢ።

መልስ (ከመንዝ፣ ዲዛይነር)
ስሙን መሸፈኑን ተዪው። ውጭዎቹ የሚሸፍኑት አንባቢው ስማቸውን በቃሉ ስለሚያውቀው ነው፣ የእናንተን ገና ማንም አያውቅም። ሌላው ደግሞ የፊደላችን ጉዳይ ነው። ጭንቅላት ከታች ወደ ላይ ስለሚመጣ የሚሸፍነው የፊደሉን እግር ነው፣ የብዙዎቹ ፊደላት ድምፅ የሚለየው ደግሞ እዚያው እግሩ ላይ ነው፤ የሊን፣ የላንና የሌን እግር በእጅሽ ከልለሽ ለመለየት ሞክሪ። የግድ ካልሽ የበርኖሱ ጫፍ ብቻ የአንዱን ፊደል ጠርዝ ይንካው።

መልስ (ከደብረ ብርሃን)
የግራው ድርድር የመጣው መደርደሪያ ላይ መጽሔቶች ሲደራረቡ የግራ ጠርዛቸው ብቻ ስለሚታይ ነው። የእኛ አዟሪዎች መሬት ላይ ይዘረጉታል ወይ ክንዳቸው ላይ ይደራርቡታል፣ መጀመሪያ የሚታየው ላዩ ነው። ስለዚህ ከስሙ ሥር አንድ ጠንካራ አርእስት ይበቃል። ከመወሰንሽ በፊት ግን አዟሪዎቹ ጋ ሄደሽ አያያዛቸውን እዪ።

ጠያቂዋ
አመሰግናለሁ፣ የፊደሉ ነገር ጨርሶ አልታየኝም ነበር! ስሙ ሙሉ ይሁን፣ ፎቶው ይቆያል። ጉሙ ላይ ስሙን በነጭ ብጽፈውስ?

መልስ (ከመንዝ፣ ዲዛይነር)
ነጭ በነጭ ይጠፋል። ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርገሽ እዪው፣ ስሙ ካልተለየ ቀለሙን ቀይሪ፤ እኔ የበርኖሱን ጥቁር ለስሙም እወስደው ነበር። ትንንሾቹን ጽሑፎች በጥቁር ቀለም ብቻ አሳትሚ፣ አራቱ የማተሚያ ቀለም ተደርቦ ትንሽ ከተንሸራተተ ፊደሉ ይደበዝዛል። ፎቶው በሚታተምበት መጠን 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይሁን፣ በየዳሩም ለመከርከሚያ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ተዪ። ከዚያ አንዱን በኤ4 አትመሽ፣ ግድግዳ ላይ ለጥፈሽ፣ ከመንገዱ ማዶ ሆነሽ አንብቢው።