የመኪና ፍጥነት ያለ ራዳር መለካት፦ ተቀባይነት እንዲኖረው ምን ይደረግ?

ጠጠር መንገድ፦
ሰላም ወገኖች። አስፋልት መሃል ለመሃል የሚያልፍበት መንደር ነው፤ ገደቡ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር። ስድስት በጎ ፈቃደኞች አሉ፣ ራዳር ግን የለም። በስልክ ሰዓት ለክቶ ለትራፊክ ፖሊስ የሚቀርብ መረጃ ማዘጋጀት ይቻላል? «የዓይን ግምት ነው» ተብሎ እንዳይጣል ነው ስጋቱ።

ባለ ሜትር፦
ይቻላል፣ ግን ርቀቱ ላይ አትሰስቱ። ብዙ ሰው 50 ሜትር ይለካና እዚያው ላይ ይበላሽበታል። በ60 የሚበር መኪና 50 ሜትሩን በ3 ሰከንድ ይጨርሰዋል፤ ጣት 0.2 ሰከንድ ብትቀድም ወይም ብትዘገይ ውጤቱ ከ56 እስከ 64 ይዋዥቃል። 100 ሜትር ላይ ያው ስሕተት ከ58 እስከ 62 ብቻ ነው።

ርቀቱን በሜትር እንጂ በእርምጃ አትለኩ። አንዱ ሰው መነሻው ምልክት ትክክል ይቁምና የፊት ጎማ ሲደርስ ከፍ አድርጎ የያዘውን እጁን ጣል ያድርግ። ሰዓት ያዡ መጨረሻው ምልክት ላይ ሆኖ እጁ ሲወርድ ያስነሳል፣ ያው የፊት ጎማ እሱ ጋ ሲደርስ ያቆማል። አንድ ሰው ሁለቱንም ምልክት ከአንድ ቦታ ልይ ካለ ሩቁን በሰያፍ ስለሚያየው መሳሳቱ አይቀርም።

ለ100 ሜትር ስሌቱ ቀላል ነው፤ 360ን ለሰከንዱ አካፍሉ፣ የሚወጣው በሰዓት ኪሎ ሜትር ነው። 7.2 ሰከንድ ልክ 50 ነው። ለጣት ስሕተት ቦታ ትታችሁ ከ6.4 በታች የገባውን ብቻ «ከገደብ በላይ» በሉት።

ሰባራ ማርሽ፦
የላይኛው ልክ ነው። እኔ የምጨምረው፣ ቆጠራና ማስጠንቀቂያ አታደባልቁ። አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሳችሁ ዳር ላይ ከተደረደራችሁ ሹፌሩ ከሩቅ አይቶ ፍሬን ይይዛል። ሰው ለማስጠንቀቅ ግሩም ነው፣ ለመረጃ ግን ውሸት ነው። ለቆጠራው ቀን ከቦዩ ወዲያ ራቅ ብላችሁ ቁሙ።

ሌላው፣ ከጭነት መኪና ኋላ ተሰልፎ የሚጎተተውን አትመዝግቡ፤ ፍጥነቱን የመረጠው እሱ አይደለም። ፊቱ ክፍት የሆነ 100 መኪና ለኩና ከዘገምተኛው ወደ ፈጣኑ ደርድሩ። መንገድ መሐንዲስ የሚፈልገው 85ኛውን ቁጥር ነው (ከመቶው 85ቱ የማያልፉትን ፍጥነት)፤ አማካይ ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ አጥፊዎቹ ይሸፈናሉ። ታርጋ ለፖሊስ ብቻ፤ ቴሌግራም ላይ አትለጥፉ። መኪና ማስቆምም የእናንተ ሥራ አይደለም።

ጠጠር መንገድ፦
አመሰግናለሁ። ወጣቶቹ ደግሞ «ድንጋይና አፈር ደልድለን ብሬከር እንሥራ» ይላሉ።

ባለ ሜትር፦
በፍጹም! በሥርዓት የተሠራ ብሬከር ርዝመቱ ወደ 3.7 ሜትር፣ ከፍታው ቢበዛ 10 ሳንቲ ሜትር ነው፤ መኪናውን ቀስ አድርጎ ያነሳዋል። በእጅ የሚከመረው አጭርና ሹል ስለሚሆን ሞተረኛ ይጥላል፣ ውሃ ያቁራል፣ ቀለምና ምልክት ስለሌለው ማታ አይታይም። አምቡላንስም እዚያው ይንገላታል። ያንን 85ኛ ቁጥር ይዛችሁ በደብዳቤ ጠይቁ፤ ስትጠይቁም አንድ ብቻ አትበሉ፣ ሹፌር አንዱን እንዳለፈ ነዳጅ ይረግጣልና።