አዳማ፦ ለቧንቧውም ለጉድጓዱም ውኃ አንድ ማጣሪያ ይበቃል?

ጠያቂ (የሁለት ልጆች እናት)

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ከተዛወርን አራት ወራችን ነው። ቦኩ አካባቢ ቤት ተከራይተናል። የከተማው የቧንቧ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ ሲጠፋ አከራያችን ከግቢው ጉድጓድ ይስብልናል። ሁለቱም የሚገቡት አንድ ሮቶ ውስጥ ነው። ክረምት ከገባ ወዲህ የቧንቧው ውኃ ይደፈርሳል፣ አንዳንድ ቀንም ክሎሪን ይሸታል። የጉድጓዱ ግን ኩልል ያለ ነው፤ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት ይተዋል እንጂ ሌላ እንከን አላየሁበትም።

እንቅልፍ የነሳኝ የጎረቤቶቼ ልጆች ጥርስ መበለዙ ነው። የእኔ ትልቁ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ሦስት። እስካሁን ውኃውን አፍልቼ ነው የማጠጣቸው። ሱቅ ጠይቄ ነበር፤ ሻጩ ባለ ሦስት ደረጃ የካርቦን ማጣሪያ አሳይቶኝ «ሁሉንም ያስቀራል» አለኝ። ዋጋው ለእኛ ከባድ ነው። ልግዛው?

የሰፈር ሰው

እህቴ፣ ገንዘብሽን አታባክኚ። እኛ ሃያ ዓመት አፍልተን ጠጥተናል፣ ምንም አልሆንንም። ደኅና አድርጎ ከተንተከተከ የሚተርፍ ነገር የለም።

የኬሚስትሪ መምህር

ወንድሜ፣ ያልከው ለተቅማጥ ጀርሞች ልክ ነው። አዳማ ላይ አንድ ደቂቃ ከተንተከተከ ይሞታሉ። ጥርስ የሚያበልዘው ግን ጀርም አይደለም፣ ፍሎራይድ ነው። ፍሎራይድ በእሳት አይጠፋም። የሚተነው ውኃው ስለሆነ በቀረው ውስጥ መጠኑ እንዲያውም ይጨምራል። ስለዚህ እህቴ፣ የጉድጓዱን ውኃ ማፍላት ለጥርሳቸው ምንም አይጠቅምም።

ሮቶዎ ውስጥ የተቀላቀሉት ሁለት ውኃዎች ችግራቸው የተለያየ ነው። የከተማው ውኃ ከአዋሽ ወንዝ፣ ከቆቃ ግድብ በታች ተስቦና ተጣርቶ የሚመጣ ነው። በእሱ ላይ የሚያሰጋው ጭቃና በመንገድ ወይም በማጠራቀሚያ የሚገባ ጀርም ነው። የጉድጓዱ ውኃ ደግሞ በስምጥ ሸለቆው የእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ የቆየ ነው፤ ፍሎራይዱ ከአለቱ ይሟሟበታል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። ማንቆርቆሪያው ላይ የሚያዩት ቅርፊትም እሱ አይደለም፣ ካልሲየም ነው። መኖር አለመኖሩ የሚታወቀው በላቦራቶሪ ብቻ ነው። ናሙናውን በንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይውሰዱና «ፍሎራይድ በሚሊግራም በሊትር» ብለው ያስለኩ። የዓለም የጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ 1.5 ነው። ሻጮች ውኃ ውስጥ ነክረው ቁጥር የሚያሳዩባት ትንሽ መሣሪያ የምትለካው ጠቅላላውን የሟሟ ጨው ነው፤ ስለ ፍሎራይድ ለብቻው ምንም አትነግርዎትም።

የካርቦን ማጣሪያ የክሎሪን ሽታና መጥፎ ጣዕም ይወስዳል። የሴራሚክ ማጣሪያ ጭቃና ባክቴሪያ ይይዛል። ፍሎራይድን ግን ሁለቱም አያስቀሩትም። የሚያስቀረው ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው፣ ውኃውን በግፊት እጅግ በረቀቀ ስስ ወንፊት የሚያሳልፈው መሣሪያ ነው፤ ወይም አክቲቬትድ አሉሚና (ፍሎራይድን ይዞ የሚያስቀር የአሉሚኒየም ውህድ) አለዚያም የተቃጠለ አጥንት የተሞላበት ማጣሪያ። የኋለኞቹ ሁለቱ በጊዜ ስለሚደክሙ ካልተለወጡ ወይም ካልታደሱ ሥራቸውን ያቆማሉ።

የልጆችዎ ነገር አሁንም አልረፈደም። ቋሚ ጥርስ ድድ ውስጥ የሚሠራው እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ባለው ጊዜ ነውና ለስድስት ዓመቱ ልጅም ጥንቃቄው ዋጋ አለው።

ወንጂ ያደግሁ

እኔ በልጅነቴ የጠጣሁት የጉድጓድ ውኃ ነው። ጥርሴ ቡናማ ስለሆነ እስከ ዛሬ ስስቅ እጄ ወደ አፌ ይሄዳል። የአባቴ ግን ከጥርስ አልፎ አጥንቱ ላይ ወጣ። በስተርጅና አንገቱን ማዞር አቃተው፤ ሰው ሲጠራው ገላውን በሙሉ ይዞ ነበር የሚዞረው። ይህ የሚመጣው ብዙ ዓመት ሲጠጡት ነው፤ ከመጣ ደግሞ የሚመልሰው መድኃኒት የለም። «ምንም አልሆንንም» የሚለውን ቃል በሰማሁ ቁጥር የማስበው አባቴን ነው። እባክሽ እህቴ፣ ወጥ የምትሠሪበትን፣ ሻይና ቡና የምታፈይበትንም ውኃ አትርሺ። ለልብስና ለገላ ግን የጉድጓዱ ምንም አይልም።

የቧንቧ ሠራተኛ

ሪቨርስ ኦስሞሲስ ከመግዛትሽ በፊት ይህን እወቂ። መሣሪያው እንዲሠራ ሦስት ባር ያህል ግፊት ይፈልጋል። አምስት ሜትር ከፍታ ላይ የተሰቀለ ሮቶ የሚሰጠው ግማሽ ባር ብቻ ነው። ስለዚህ ፓምፕ ያስፈልገዋል፣ ፓምፑ መብራት ይፈልጋል፣ መብራቱ ደግሞ ይጠፋል። አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ለማውጣትም ሁለት ሦስት ሊትር ይደፋል፤ የሚደፋውን ለመጸዳጃ ቤት አጠራቅሚው።

እኔ ብሆን መጀመሪያ ውኃዎቹን እለያለሁ። ቧንቧው በሚመጣበት ቀን ለመጠጥና ለምግብ የሚሆነውን ሮቶ ሳይገባ በጄሪካን ቅጂ። ለአራት ሰው በቀን አንድ ባለ ሃያ ሊትር ይበቃል። ሲደፈርስ አሳድሪው፣ በንጹሕ ነጠላ አጥልዪው፣ ከዚያ አፍዪው ወይም ውኃ አጋር የሚባለውን ክሎሪን ጨምረሽ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። ጭቃው ሳይወጣ ክሎሪን ብትጨምሪ ጭቃው ይበላዋል። ሮቶውንም በየስድስት ወሩ አሳጥቢ፤ ባለፈው ሳምንት የከፈትኩት አንዱ ሥሩ አንድ ጣት የሚያህል ደለል ነበረበት።

ክረምቱ ሳያልፍ ደግሞ የዝናብ ውኃ ያዢ። የመጀመሪያው ዝናብ ቆርቆሮውን ይጠበው፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አጠራቅሚ። ፍሎራይድ የለበትም ማለት ይቻላል፤ አፍልቶ መጠጣት ብቻ ነው።

ጠያቂ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጉድጓዱን ውኃ አስመረመርኩት፤ ከ1.5 በላይ ሆነ። የካርቦኑን ማጣሪያ ተውኩት። ለቧንቧው ውኃ የሴራሚክ ማጣሪያ ገዛሁ፣ ስድስት ጄሪካንም ለመጠጥ ብቻ ለየሁ። ወረቀቱን ለአከራያችን ሳሳያቸው ዝም ብለው ሁለት ጊዜ አነበቡት። በማግሥቱ ሠራተኛ ጠርተው የጉድጓዱን መስመር ከሮቶው አስነጠሉት። የልጅ ልጆቻቸውም የሚጠጡት ከዚያው ሮቶ ነበር።