«ሉቺያ» የሚለው ስም ትርጉሙ ምንድን ነው?

ጠያቂ (ደሴ)፦ ሴት ልጃችን ጎህ ሲቀድ ከተወለደች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ጣሊያን የምትኖረው እኅቴ «ሉቺያ በሏት» ትላለች፤ አማቴ ግን ትርጉሙን የማያውቁትን ስም አይፈልጉም፣ «ኑሪያ» ትባል ይላሉ። ጎረቤታችን ደግሞ ስሙ ከሉሲፈር ጋር ይመሳሰላል ብለው አስደነገጡን። የምታውቁ ብታስረዱን።

መልስ (ኮምቦልቻ)፦ እንኳን ማርያም ማረቻት። በላቲን «ሉክስ» ማለት ብርሃን ነው፤ «ሉኪዩስ» የተባለው የሮማውያን የወንድ ስም ከዚያ የወጣ ሲሆን የሴቷ «ሉኪያ» ነው። ሮማውያን ራሳቸው ሲተረጉሙት በማለዳ ብርሃን ለተወለደ ልጅ የሚወጣ ስም ነው ይሉ ስለነበር ለእናንተ ልጅ በልኳ የተሰፋ ነው። ጣሊያኖች ሉቺያ፣ እንግሊዞች ሉሲ ይሉታል፤ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽም ሉሲ የተባለችው የቁፋሮው ቡድን በሰፈሩ ያሰማው ከነበረ የእንግሊዝ ዘፈን ነው። «ኑር» በዓረብኛ ብርሃን ስለሆነ እኅትዎና አማትዎ የተለያዩት በቋንቋ ብቻ ነው።

መልስ (ደሴ)፦ ስለ ጎረቤታችሁ ስጋት ልመልስ። ሉሲፈር በላቲን «ብርሃን አምጪ» ማለት ሲሆን፣ በኢሳይያስ 14፥12 የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ «አጥቢያ ኮከብ» ያለውን የላቲኑ ትርጉም የጠራበት ቃል ነው። ሁለቱ በሥር ቃሉ ይገናኙ እንጂ አንዱ ከሌላው አልወጣም። እንዲያውም ሉቺያ የሚለውን ስም በአውሮፓ ያስፋፋችው በ304 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሲሲሊ ሲራኩዝ ከተማ በሰማዕትነት ያረፈች ቅድስት ናት፤ ምዕራባውያን የዓይን ሕሙማን ጠባቂ አድርገው ያከብሯታል። ክርስትና የምታስነሡ ከሆነ በ80 ቀኗ ሌላ የክርስትና ስም ስለሚወጣላት በዚያ በኩል የሚያሳስብ ነገር የለም።

መልስ (ኮምቦልቻ)፦ እኔ የምጨምረው ስለ አጻጻፉ ነው። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ ስላለበት፣ ከዚያ በፊት «ሉቺያ» ወይም «ሉሲያ» መሆኑን ቁረጡ፤ በክትባት ካርዱ አንድ፣ በልደት የምስክር ወረቀቱ ሌላ ከሆነ በኋላ ማስተካከሉ አድካሚ ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ «ሲ» ብቻውን ይበቃል፤ እንደ አማርኛው ድምፅ «ኤች» ከተጨመረበት ጣሊያኖች «ሉኪያ» ብለው ያነቡታል። ጥንታዊ ሮማውያን የሚሉትም እንዲያ ነበር፣ ለእኅትዎ ግን ጆሮ የሚቆረቁር ይመስለኛል።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልን። ትርጉሙን ለአማቴ ስነግራቸው «እንግዲያው እኔ ኑሪያ እላታለሁ፣ እናንተ እንደፈለጋችሁ ጻፉ» አሉ። ያለ «ኤች» እናስመዘግባታለን።