«እጁን ሰጠ» ምን ማለት ነው?

የማታ ነርስ፦ ትናንት እዚሁ አንዱ ስለ አጎቱ ሲጽፍ «ኬሞውን አቋርጦ ቤቱ ገባ፣ ለካንሰሩ እጁን ሰጠ» አለ። ሁሉም «ያሳዝናል» እያለ አለፈ። እኔ ግን አላልፍም። እጁን የሚሰጥ የተሸነፈ ወታደር ነው። ሰውየው የቀረኝን ጊዜ ሳስመልስ አልጨርሰውም ነው ያለው።

ታናሽ ወንድም፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ «ሁለት ዙር ብቻ ቀረህ» ብሎታል። ሁለት ዙር! ተስፋ እያለ የተወ ሰው እጁን ካልሰጠ ምን አደረገ ልበል?

የእናቷ ልጅ፦ «ተስፋ እያለ» ስትል የማንን ተስፋ ነው? እናቴ መጨረሻ ላይ ማንኪያ ሳቀርብላት ከንፈሯን ገጥማ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር። «ለእኔ ስትዪ» እያልኩ እታገላታለሁ። ሾርባው ባገጯ ወርዶ አንገቷ ሥር ሲገባ ነው የተውኩት። ለራሴ ስል እንደማበላት የገባኝ ያኔ ነው።

ሰነድ አገላባጭ፦ ሞት የቀረባቸውን ሕመምተኞች ያነጋገረችው ሐኪም ኩብለር ሮስ የሚያልፉባቸውን ደረጃዎች እ.ኤ.አ. በ1969 አስቀምጣቸዋለች፤ መካድ፣ ቁጣ፣ ድርድር፣ ድባቴ፣ መቀበል። አጎትየው መቀበል ላይ ደርሷል፣ ቤተሰቡ ገና መካድ ላይ ነው።

የማታ ነርስ፦ ወንድሜ፣ ሰውን በደረጃ አትደርድርብን። ራሷም በኋላ ሁሉም በዚያ ተራ አያልፍም ብላለች። አንድ አባት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ኑዛዜያቸውን አስመጥተው ፈረሙ። ሲነጋ ልጃቸውን አዲስ ጫማ እንዲገዛላቸው ላኩት። የትኛው ደረጃ ላይ ነበሩ?

ሰነድ አገላባጭ፦ ደረጃውን ትቻለሁ። ግን እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣውን ጥናት እዩት። 151 የሳንባ ካንሰር ሕመምተኞች ነበሩ። የማስታገሻ ክብካቤ፣ ማለትም ሕመምንና ጭንቀትን የሚያቀል ክትትል፣ ቀድሞ የተጀመረላቸው በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ 11.6 ወር፣ የሌሎቹ 8.9 ወር ሆነ።

ታናሽ ወንድም፦ ቆይ፣ እነዚያ ሕክምናቸውን አቁመው ነበር? ማስታገሻው የተጨመረላቸው ከመደበኛው ሕክምና ጋር ነው። አጎቴ ሁለቱንም ነው የተወው። ማስረጃውን ያመጣኸው ለእኔ ነው።

የማታ ነርስ፦ እዚህ ላይ ልክ ነህ። ታዲያ ማስታገሻውን ለምን አልጠየቃችሁለትም? እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሲስሊ ሳውንደርስ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ላይ ሆስፒስ፣ ማለትም ሞት ለቀረባቸው ሕመምተኞች ማስታመሚያ፣ ስትከፍት ሞርፊን ሕመሙ ሳይቀድም በሰዓቱ ይሰጥ ብላ ነው የሠራችው። ኬሞ ማቆም ሕክምና ማቆም አይደለም።

ታናሽ ወንድም፦ አሁን ደግሞ ጥፋተኞቹ እኛ ሆንን?

አዛውንት፦ ልጆቼ፣ እኔ የልብ ድካም አለብኝ፣ ብዙ እንደማልቆይ አውቃለሁ። «እጁን ሰጠ» ብትሉኝ አልቀየምም። የምቀየመው በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ኮሪደር ላይ ስትንሾካሾኩ ነው። ሰውየው በሕይወት አለ እኮ፣ ለምን ራሱን አትጠይቁትም?

የእናቷ ልጅ፦ አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሁሉም እንደ እርስዎ አይደለም። እናቴ «ሐኪሙ ያለውን እንዳትነግሩኝ» ብላን ነበር። የሚቀጥለውን ወር እያቀደች ነው ያለፈችው። እሷንስ ፈሪ እንበላት?

አዛውንት፦ አልወጣኝም ልጄ። የጠየቀችውን አገኘች። የአጎትየው ግን ገና አልታወቀም።

ታናሽ ወንድም፦ ዛሬ ማታ ሄጄ እጠይቀዋለሁ። «በቃኝ» ካለኝ ግን አሁንም እጁን ሰጠ ነው የምለው። ያሳደገኝ እሱ ነው፣ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

የማታ ነርስ፦ ቃሉን ተወውና ሌሊት እንቅልፍ ይወስደው እንደሆነ ጠይቅልኝ። ካልወሰደው የት የት እንደሚያመው ጽፈህ ነገ ለሐኪሙ ውሰድ።