ባርንጋን በክፍል ያጫወታችሁ መምህራን፣ እባካችሁ እርዱኝ

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የባህል ተግባቦት አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ሲቫሳይላም ትያጋራጃን እ.ኤ.አ. በ1980 ላይቤሪያ ሳለ የፈጠረውን ባርንጋ የተባለ የካርታ ጨዋታ ተማሪዎቼን አጫወትኳቸው። የየጠረጴዛው ሕግ በትንሹ ይለያያል፤ አንዱ ጋ አስ ትልቁ ካርታ ነው፣ ሌላው ጋ ትንሹ። ተማሪዎቹ ይህን አያውቁም። የሕጉ ወረቀት ከተነበበ በኋላ ይሰበሰባል፣ መነጋገር ክልክል ነው፣ ያሸነፈና የተሸነፈ ጠረጴዛ ይቀይራል።

ጭቅጭቅ ጠብቄ ነበር። አንዲት ተማሪ አዲስ ጠረጴዛ ሄዳ አሷን ጣለችና ካርታዎቹን ልትሰበስብ እጇን ስትዘረጋ፣ ፊት ለፊቷ ያለው ልጅ ቀድሞ ጠርጎ ወሰዳቸው። እጇን ቀስ ብላ መለሰች። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው አቀርቅራ ነው የተጫወተችው። ሌሎቹም በይሉኝታ ዝም ብለው ለቀቁ። በውይይቱ ሰዓት «ምን ተሰማችሁ?» ስላቸው መልሱ «ጥሩ ነበር መምህር» ብቻ ሆነ። ትምህርቱ ያለው ግን እዚያ ውይይት ላይ ነው፤ እሱ ነው ያመለጠኝ፣ በጣም ቆጭቶኛል።

ይሉኝታውን ራሱን እንዴት ወደ ውይይት ላምጣው? መጀመሪያ ስማቸውን ሳይጠቅሱ ላስጽፋቸው ወይስ ሁለት ሁለት ሆነው ያውሩ? ያቺንስ ልጅ ሳላሸማቅቃት ያየሁትን ማንሳት እችላለሁ? ሐሙስ ከሌላ ክፍል ጋር እደግመዋለሁ።