«ብላቴና» ስንት ዓመቱ ነው?

ጠያቂ፦
ሰላም የቃል ወዳጆች። ትናንት ማታ ለልጄ ዘፍጥረት 22ን ሳነብላት፣ መልአኩ «በብላቴናው ላይ እጅህን አትዘርጋ» የሚልበት ላይ ስደርስ አስቆመችኝ። «ይስሐቅ ስንት ዓመቱ ነው?» አለች። እኔም ሳላስብ «አሥር» አልኳት። የልጆች መጽሐፍ ላይ ያለው ሥዕል እንደዚያ ነዋ! ከተኛች በኋላ ሒሳቡን ብሠራው ጉድ ፈላ። ሣራ በ90 ዓመቷ ወለደችው፣ በ127 ዓመቷ ሞተች። የአይሁድ መምህራን ደግሞ የሞተችው ልጇ ሊታረድ እንደነበር ሰምታ ነው ይላሉ። ስለዚህ ይስሐቅ 37 ሊሆን ነው። የ37 ዓመት ጎልማሳ ብላቴና ይባላል እንዴ?

መልስ 1፦
ይባላል። ዕብራይስጡ «ናዓር» ነው የሚለው። እዚያው ምዕራፍ ላይ አብርሃም አስከትሎ የወጣቸው ሁለቱ ሎሌዎችም በዕብራይስጡ ያው «ናዓር» ናቸው። የእኛ ትርጉም ለእነሱ «ሎሌ»፣ ለይስሐቅ «ብላቴና» ብሎ ለያያቸው እንጂ ቃሉ አንድ ነው። ዕድሜም ይናገራል፣ ከማን ሥር እንዳለህም ይናገራል። በዘጸአት 33 ኢያሱም ናዓር ተብሏል፤ ያኔ ግን በአማሌቅ ላይ ጦር መርቶ የተመለሰ ሰው ነበር።

ደግሞ አማርኛውም እኮ እንደዚያው ነው። «ብላቴን ጌታ» የሚለውን ማዕረግ አስቡት፤ ብላቴኖቹ የቤተ መንግሥት አገልጋዮች ናቸው። ዛሬም ጋራዥ ስትሄዱ ባለቤቱ «ልጆቹ ያዩልሃል» ይላል። ከመኪናው ሥር የሚወጣው «ልጅ» የሦስት ልጆች አባት ነው።

መልስ 2፦
በቃሉ እስማማለሁ፣ በ37ቱ ግን አልስማማም። ቁጥሩ የሚመጣው የሣራን ሞት ይስሐቅ ሊሠዋ ወደ ሞሪያ ከተወሰደበት ጉዞ ጋር ካጣበቅነው ብቻ ነው። ጽሑፉ ሁለቱን ምዕራፎች ጎን ለጎን አስቀመጠ እንጂ በዚያው ሰሞን ሞተች አላለም።

ከዚያ የባሰ ጣጣም አለ። ምዕራፍ 22 መጨረሻው አካባቢ የርብቃን መወለድ ይጠቅሳል። ይስሐቅ ያገባት በ40 ዓመቱ ነው። ያኔ ተወለደች ካልን ስታገባ 3 ዓመቷ ሊሆን ነው፤ የመካከለኛው ዘመን አይሁዳዊ የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚ ራሺም ሒሳቡን ይዞ 3 ብሏል። እስቲ የአብርሃም ሎሌ ለይስሐቅ ሚስት ሊፈልግ ሄዶ ርብቃን ውኃ ጉድጓድ ላይ ያገኘበትን ትዕይንት አስቡት። 10 ግመሎች መንገድ አቋርጠው መጥተዋል። የተጠማ ግመል በአንድ ጊዜ 100 ሊትር ሊጨርስ ይችላል። እሷ እንስራዋን ተሸክማ ወርዳ፣ ሞልታ፣ ገንዳው ላይ ገልብጣ፣ እንደገና እየሮጠች ትመለሳለች። የሦስት ዓመት ልጅ ባዶውን እንስራ እንኳ አታነሳም!

ቁልፉ ያለው «ተነገረው» በሚለው ቃል ነው። ለአብርሃም የተነገረው የወንድሙ የናኮር ሚስት ሚልካ 8 ልጆች እንደወለደች ነው። ርብቃ ደግሞ የስምንተኛው፣ የባቱኤል ልጅ ናት። ስምንት ልጅ በአንድ ጀምበር አይወለድም። አዲሱ ወሬው ነው እንጂ ልጆቹ አይደሉም።

መልስ 3፦
ከርዕስ ልውጣና፣ ርብቃም «ናዓራ» ነው የምትባለው፤ የናዓር ሴቷ ማለት ነው። በቆየው መጽሐፍ ቅዱሳችን «ጎበዛዝትና ቆነጃጅት» ሲል ወጣት ወንዶችና ልጃገረዶች ማለቱ ነው። ዛሬ ጎበዝ ፈተና ያለፈ፣ ቆንጆ መልክ ያላት ሆነው ቀሩ። የዕድሜ ቃል እንዲህ ይንሸራተታል።

መልስ 4፦
እኔን የሚያስቀኝ የያዕቆብ ነው። ፈርዖን ፊት ሲቆም 130 ነው። ዮሴፍ ያኔ 39 ነው፦ በ30 ተሾመ፣ 7 የጥጋብና 2 የረሃብ ዓመት አለፈ። ስለዚህ ያዕቆብ ዮሴፍን የወለደው በ91 ነው። ዮሴፍ እስኪወለድ አጎቱ ላባ ቤት ያገለገለውን 14 ዓመት ቀንሱ። ራሔልን አይቶ ድንጋዩን ብቻውን ያንከባለለው ሰውዬ 77 ዓመቱ ነበር!

ይስሐቅም «የምሞትበትን ቀን አላውቅም» ብሎ ያዕቆብን የመረቀው በ137 ዓመቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ 43 ዓመት ኖሯል። ዮሴፍ ሲሸጥም በሕይወት ነበር፤ መሞቱ ግን ከሽያጩ ታሪክ በፊት ተጽፏል። ተራኪው የአንዱን ነገር ዘግቶ ነው የሌላውን የሚከፍተው። የአብርሃም አባት የታራም እንደዚያ ነው፤ ሞቱ ቀድሞ ተነግሮ፣ በዕብራይስጡ ቁጥር አብርሃም ከካራን ከወጣ በኋላ 60 ዓመት ይኖራል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ለልጄ «የማገዶ እንጨት ተሸክሞ ተራራ መውጣት የሚችል ነበር» አልኳት። «እኔም እችላለሁ» አለችኝ። ሰባት ዓመቷ ነው።