የባለቤቴ ክሬዲት ተበላሽቷል፤ ቤቱን አብረን እንበደር ወይስ በእኔ ስም ብቻ?

ጥያቄ፦

ሰላም ለሁላችሁም። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እኔ ነርስ ነኝ፣ የክሬዲት ስኮሬ (የብድር አከፋፈል ነጥቤ) 740 አካባቢ ነው። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። በ2022 ለአንድ ዘመዱ መኪና ሲገዛ ኮሳይን አደረገለት (አብሮ ፈርሞ ዋስ ሆነለት)። ዘመድየው ጥቂት ከፍሎ ተወው፣ መኪናው ተወሰደ፣ ቀሪው 7 ሺህ ዶላር ኮሌክሽን (ዕዳ ሰብሳቢዎች ጋር) ገባና የባለቤቴ ስኮር 590 ላይ ወረደ። አንዱ የብድር ሠራተኛ «አብራችሁ ካመለከታችሁ ወለዱ ይወደድባችኋል» አለን። ሌላው ደግሞ «ዕዳውን ቶሎ ክፈሉና ኑ» አለን። ባለቤቴ ስሙ ቤቱ ላይ አለመኖሩ በጣም ከብዶታል፣ እኔም እሱን ወደ ጎን ትቼ ቤት መግዛት አልፈልግም። ዳውን ፔይመንቱን (ቅድሚያ ክፍያውን) ያሰብነው ከእቁብ ነው። እባካችሁ የምታውቁ ምከሩን።

መልስ፣ ከአሌክሳንድሪያ፦

እህቴ፣ ባለቤትሽን ቶሎ አረጋጊው። ብድር ላይ መፈረምና የቤት ባለቤት መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብድሩን የሚከፍለው የፈረመው ሰው ነው። የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ የሚያሳየው ደግሞ ዲድ የሚባለው ወረቀት ነው። አንቺ ብቻሽን ተበድረሽ ዲዱ ላይ የሁለታችሁም ስም ሊገባ ይችላል፣ እኛም ያደረግነው እንደዚሁ ነው። ለሌንደሩም (ለአበዳሪው) ለታይትል ካምፓኒውም (የባለቤትነት ወረቀቱን ለሚያዘጋጀው ድርጅት) ከመጀመሪያው ንገሪያቸው፣ የክሎዚንግ (የመጨረሻው ፊርማ) ቀን ድንገት አታንሺው። እሱንም አንዳንድ ወረቀት ያስፈርሙት ይሆናል። ያ ቤቱ ለብድሩ መያዣ መሆኑን ለመስማማት ነው እንጂ ዕዳው የእሱ ሆነ ማለት አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለእናንተ ትልቅ ጉዳይ ነው። ዲዱ ላይ «ቴናንትስ ባይ ዘ ኢንታይሪቲ» ተብላችሁ እንድትመዘገቡ ጠይቁ። ሜሪላንድ ውስጥ ባልና ሚስት ቤት በዚህ መንገድ ከያዙ የአንዱ የግል አበዳሪ ፍርድ ቤት ቢያስፈርድበት እንኳ ያንን ቤት መያዝ አይችልም። የመኪናው ዕዳ የባለቤትሽ ብቻ ስለሆነ ይህ ይጠቅማችኋል።

መልስ፣ በቤት ብድር ሥራ ላይ ያለሁ፦

ስኮሩ እንዴት እንደሚታይ ልንገርሽ። ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን የሚባሉት የክሬዲት መዝጋቢ ድርጅቶች ለእያንዳንዳችሁ ሦስት ቁጥር ይሰጣሉ፣ የሚወሰደው የመሃሉ ነው። ሁለት ሰው ሲያመለክት ኤፍ ኤች ኤ (መንግሥት ዋስ የሚሆንለት የቤት ብድር) ከሁለቱ ዝቅተኛውን ይወስዳል። ስለዚህ አብራችሁ ከገባችሁ የአንቺ 740 አይረዳችሁም፣ እንደ 590 ነው የምትታዩት። የኤፍ ኤች ኤ ደንብ 580 ላለው ሰው በ3.5 በመቶ ዳውን ይፈቅዳል፣ ግን ብዙ ሌንደሮች በራሳቸው ውሳኔ ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ፣ 620 የሚሉ አሉ። ኮንቬንሽናል (የመንግሥት ዋስትና የሌለው) ብድር ላይ ፋኒ ሜ፣ ብድሮችን ከሌንደሮች የሚገዛው ድርጅት፣ ሊያልፋችሁ ይችላል። ዋጋውን የሚተምነው ግን በዝቅተኛው ነው። የመጀመሪያው ሠራተኛ የነገራችሁ ትክክል ነው።

አሁን ሰዎች የሚረሱትን ጥያቄ ልጠይቅሽ፦ የባለቤትሽ ገቢ ወረቀት ላይ ስንት ነው? ለኡበር ሹፌር አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ዓመት ታክስ ይታያል፣ የሚቆጠረውም የተነዳው ማይልና የሌላው ወጪ ተቀንሶ የሚቀረው ነው። ሌንደሩ የማይል ወጪውን የተወሰነ ክፍል መልሶ ይደምራል፣ ቢሆንም በዓመት 70 ሺህ ያስገባ ሹፌር ታክሱ ላይ 20 ሺህ ብቻ ሊታይለት ይችላል። ያ ትንሽ ገቢ ይዞት የሚመጣውን ከፍተኛ ወለድ ያዋጣል ወይ? የአንቺ ደሞዝ ብቻውን ለምትፈልጉት ቤት ከበቃ በእኔ አስተያየት ብቻሽን አመልክቺ። ካልበቃ ደግሞ ስኮሩ እስኪነሳ መጠበቅ ወይም ረከስ ያለ ቤት መፈለግ ነው። ሌንደሩን «ብቻዬንና ከባለቤቴ ጋር፣ ሁለቱንም በአንድ ቀን አስልተህ አሳየኝ» በዪው። ይህን አልሠራም ካለሽ ሌላ ሌንደር ሂጂ። በ14 ቀን ውስጥ ብዙ የሞርጌጅ ሌንደር ክሬዲትሽን ቢያይ ስኮሩ ላይ እንደ አንድ ነው የሚቆጠረው፣ ስለዚህ ዞር ዞር ብሎ ማወዳደር አይጎዳሽም።

መልስ፣ ከዳላስ፦

ከላይ የተባለው ለሜሪላንድ ነው። እኛ ቴክሳስ ያለነው፣ ካሊፎርኒያ፣ ዋሽንግተን ስቴትና ኔቫዳ ያላችሁም ልብ በሉ። እነዚህ የባልና የሚስት ንብረት የጋራ ነው የሚሉ ስቴቶች ናቸው። ሚስት ብቻዋን በኤፍ ኤች ኤ ብታመለክት የባልየው ስኮር አይታይም፣ ወርሃዊ ዕዳው ግን ይደመርባታል። እዚህ አካባቢ ይህን ሳያውቅ ኮንትራት የሚፈርም ሰው ብዙ ነው።

መልስ፣ ከቨርጂኒያ፦

ስለ 7 ሺው ልጻፍ። ሌንደር ሳታማክሩ ሮጣችሁ አትክፈሉ! ለሞርጌጅ የሚጠቀሙባቸው የቆዩ የፊኮ (ስኮር የሚያሰላው ድርጅት) ስሌቶች የተከፈለንም ኮሌክሽን እንደ ጥፋት ስለሚቆጥሩት፣ ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥታችሁ ስኮሩ ላይነሳ ይችላል፣ ዳውን ፔይመንታችሁም ያልቃል። ሪፖርቱ ላይ የሚቆየው 7 ዓመት ነው፣ የሚቆጠረውም ክፍያው መጀመሪያ ከተቋረጠበት ቀን ነው። መክፈላችሁ ቆጠራውን እንደ አዲስ አያስጀምረውም። ከከፈላችሁ ግን ድርድሩ በጽሑፍ ይሁን፣ «ከፍለን ስንጨርስ ከሪፖርቱ ታነሱታላችሁ ወይ» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዶቹ ይስማማሉ።

አብራችሁ በኤፍ ኤች ኤ ካመለከታችሁ ሌላ ሒሳብ አለ። የኮሌክሽን ዕዳ በድምሩ 2 ሺህ ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ (የሕክምና አይቆጠርም) ወይ ትከፍላላችሁ፣ ወይ የወር ክፍያ ስምምነት ታሳያላችሁ፣ ካልሆነ የዕዳውን 5 በመቶ እንደ ወርሃዊ ክፍያ ይቆጥሩባችኋል። የእናንተ በወር 350 ዶላር ይመጣል። ብቻሽን ካመለከትሽ ሜሪላንድ ውስጥ ይህ አይነካሽም።

«ክሬዲት እናጸዳለን» እያሉ ቲክቶክ ላይ ለሚያስተዋውቁ ደግሞ አንድ ሳንቲም እንዳትሰጡ። ሥራውን ሳይሠሩ አስቀድሞ ማስከፈል በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። ብዙዎቹ የሚያደርጉት ሁሉንም ዕዳ በጅምላ መከራከር ነው፣ ክርክሩ ክፍት እያለ ብድር ብትጠይቁ ደግሞ ፋይላችሁ ይጓተታል። ሪፖርቱን ራሳችሁ አንዩዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ በየሳምንቱ በነፃ ታገኛላችሁ። ሃድ (የፌዴራል የቤቶች መሥሪያ ቤት) ያጸደቃቸው የቤት አማካሪዎችም በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ ያግዟችኋል።

መልስ፣ የእቁብ ጸሐፊ የሆንኩ፦

የእቁቡን ነገር ማንም አላነሳውም። ገንዘቡ በካሽ ደርሷችሁ አካውንት ውስጥ ብትከቱት ሌንደሩ «ይህ ከየት መጣ?» ይላችኋል። ግን አትደንግጡ። የኤፍ ኤች ኤ መመሪያ የግል የቁጠባ ማኅበር ገንዘብን በማስረጃ ይቀበላል። የአባላት መዝገብ፣ የከፈላችሁበት ደረሰኝና የገንዘብ ያዡ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ክፍያውን በዜል ወይም በቼክ አድርጉት፣ እጣውም በቼክ ይድረሳችሁ። እጣው ከደረሳችሁ በኋላ የሚቀር ክፍያ ካለ ሌንደሩ ገንዘቡን እንደ ብድር ሊያየው ይችላል፣ አትደብቁት። ከቻላችሁ መጨረሻ አካባቢ ያለውን እጣ ጠይቁ።

ጠያቂዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ታክሳችንን አውጥተን አየነው፣ የእሱ የተጣራው 18 ሺህ ብቻ ነው። ስለዚህ ብድሩን እኔ ብቻ፣ ዲዱን ሁለታችን ብለን ተስማምተናል፣ እሱም ቅር አላለውም። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። እቁቡ በእሱ ስም ነው፣ ብድሩ ላይ ከሌለ ገንዘቡን መጠቀም እንችላለን?

መልስ፣ በቤት ብድር ሥራ ላይ ያለሁ፦

ትችላላችሁ። በሁለታችሁም ስም ወዳለ አካውንት ይግባ፣ ወይም እሱ እንደ ስጦታ ይስጥሽና ጊፍት ሌተር (ስጦታ እንጂ ብድር አለመሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ) ይፈርም፤ የትዳር ጓደኛ መስጠት ይችላል። በሁለቱም መንገድ የእቁቡ ወረቀቶች ይያያዛሉ። ሌንደሩ የሁለት ወር የባንክ ስቴትመንት ስለሚያይ አካውንቱን አሁኑኑ ክፈቱት። እስከ ክሎዚንግ ድረስ አዲስ ካርድ አታውጪ፣ መኪና በብድር አትግዢ፣ ለማንም ኮሳይን አታድርጊ።